ድራመሩ የት ነበር የተቀመጠው? የባንዶቹን ዘመን ከነትዝታው ለማቆየት

አባቴ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረው። መጀመሪያ ሸክላ ሸጠ፣ ኋላ ካሴት። ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ ሁለት የሙዝ ካርቶን ካሴት፣ ሠላሳ አንድ ባለ 45 ዙር ሸክላና አንድ የዱቤ ደብተር ነው። ደብተሩን ለዓመታት አልገለጥኩትም፤ የባለዕዳ ስም ብቻ መስሎኝ። አንድ ቀን ካሴቶቹን ስደረድር ገለጥኩት። አባቴ ደንበኞቹን በስማቸው ብቻ አልመዘገባቸውም፤ ስም የሚመሳሰሉትን ለመለየት ሥራቸውን አጠገቡ ይጽፋል። «የቤዝ ጊታሩ ልጅ፣ 6 ብር።» «ትራምፔት፣ የራስ ሆቴሉ፣ 3 ብር ቀሪ።» «ኦርጋን የሚመታው ቀዩ ልጅ።» ሸክላው ላይ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች የአባቴ ዕዳ ደብተር ላይ ተቀምጠዋል።

ሥራዬ ሥዕል ማስተማር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ትርፍ ጊዜዬን ሁሉ የያዘው ይህ ነገር ነው። «ቤታችን ያለውን የድሮ ካሴት ምን ላድርገው?» እያሉ የሚጠይቁኝ ስለበዙ የማደርገውን እንዳለ ልጻፈው።

በቅድሚያ ስለየትኛው ዘመን እንደማወራ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ካፈሯቸው ሙዚቀኞች ጋር በየሆቴሉና በየክለቡ የግል ባንዶች መውጣት የጀመሩበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሶል ኤኮስ፣ አይቤክስ፣ ዋልያስ፣ ዳህላክ። አስመራ በቃኘው የጦር ሰፈር የነበሩት አሜሪካውያን ያመጡት ሮክና ሶል፣ የእኛ ችክችካና ትዝታ፣ የኤሌክትሪክ ጊታርና ዋዋ ፔዳል አንድ መድረክ ላይ የተገናኙበት ዘመን። አዳማጩ ሁሉ «ሮክ» ብሎ አልጠራውም፤ አፍሮውንና ሰፊ ሱሪውን፣ የጊታሩን ጩኸት ያየ ግን የዚያ ወገን መሆኑን ያውቃል። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ጊዜ ወጣቱ አመሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ አመሃ ሪከርድስን ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አመሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ፣ ሸክላ በካሴት ተተካ፣ ሙዚቀኛውም ተበተነ።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዚያው ዘመን ዛምቢያ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ኬኔት ካውንዳ ሬዲዮው በአመዛኙ የአገር ሙዚቃ እንዲያሰማ ባዘዙበት ጊዜ ወጣቶቹ «ዛምሮክ» የተባለውን አወጡ፤ ዊች፣ አማናዝ፣ ንጎዚ ፋሚሊ የሚባሉ ባንዶች ነበሩ። የመዳብ ዋጋ ወርዶ ኢኮኖሚው ሲናጋ፣ ኋላም ኤድስ ሲገባ ብዙዎቹ ሙዚቀኞች በወጣትነታቸው አለቁ። የዊች ድምፃዊ ጃጋሪ ቻንዳ የከበረ ድንጋይ ቁፋሮ ገብቶ ሲኖር ከብዙ ዘመን በኋላ ሸክላዎቹ እንደገና ታትመው ወደ መድረክ ተመለሰ። አብረውት የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ጓደኞቹ ግን አብዛኞቹ የሉም። የእነሱን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ የሥራዬን ቅደም ተከተል ቀየርኩ። ድሮ ከካሴቱ ነበር የምጀምረው፤ አሁን ከሰው እጀምራለሁ። ካሴት በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አሥር ዓመት ይጠብቀኛል። አመሃ እሸቴና ድምፃዊው አለማየሁ እሸቴ ግን በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ሁለቱም አረፉ።

ሰውን ማናገር

«እስቲ ስለዚያ ዘመን ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ በዚህ ጥያቄ ብዙ ከሰዓት አባክኛለሁ። የሚመጣው መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «ወርቃማ ዘመን ነበር ልጄ፣ ፍቅር ነበረ።» እውነት ነው፣ ግን የሚያዝ ነገር የለውም።

የሚሠራው ወረቀት ነው። ሰፊ ወረቀት፣ ከሰል ወይም ወፍራም እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ «መድረኩ የት ጋ ነበር?»

አንድ የድሮ ድራመር አሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ከባንዱ የሁለት ሰው ስም ብቻ ነበር የነገሩኝ። በአራተኛው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «እኔ ሥዕል አልችልም» አሉ። «በር የት ነበር? እሱን ብቻ» አልኳቸው። በሩን ሳሉ። ከበሩ ባንኮኒውን፣ ከባንኮኒው መድረኩን። ከዚያ እርሳሱን አቆሙና «እዚህ ጋ ምሰሶ ነበረች» አሉ። ምሰሶዋ ከወገብ በላይ በመስታወት የተለበጠች ነበረች። ከእሳቸው ከበሮ ፊት ቆማ ሳክስፎን ነፊውን ትጋርድባቸዋለች፤ ስለዚህ መቼ እንደሚገባ ለማወቅ በመስታወቱ ውስጥ ትከሻውን ያዩ ነበር። ይህን እየነገሩኝ ግራ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ በችክችካ መምታት ጀመረ፤ እሳቸው አላስተዋሉትም። ከዚያ ቀና ብለው የሳክስፎን ነፊውን ስም ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ ጠሩት። ከአርባ ዓመት በላይ አፋቸው ላይ ያልመጣ ስም ነው። አልቅሰዋል። እኔም።

ስለዚህ «መቼ» ከማለታችሁ በፊት «የት» በሉ። ማን በማን ቀኝ ቆመ? አምፕሊፋየሩ የማን ነበር? ልብስ የት ትቀይሩ ነበር? ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ ሕዝቡ እስኪነጋ እዚያው ስለሚቆይ ሙዚቀኛው የት ጋደም ይል ነበር? እንዲህ ያለው ጥያቄ ስም ያወጣል፣ ስም ደግሞ ሌላ ቤት ያስኬዳችኋል።

ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል አታስበልጡ። የምትቀዱበትን ስልክ በረራ ሁነታ ላይ አድርጉትና የታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው ኳኳታ ሁሉ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ቡና ከቀረበ ጠጡ፤ ጥያቄያችሁን በአቦልና በቶና መሀል አታጣድፉት። ሲሳሳቱ አታርሟቸው። ሌላ ሰው የተለየ ነገር ከነገራችሁ የሁለቱንም ሥዕል አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ላይ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጻፉ። እኔ ዘንድ የአንድ ክለብ ሦስት የተለያዩ ካርታዎች አሉ። የትኛው ልክ እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን ለራሴ አልሰጠሁም።

የዓመተ ምህረት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ አዛውንት «በ66» ካሉ አብዮቱ የፈነዳበት የእኛ 1966 ነው። የውጭ አገር ሰብሳቢ 1974 ብሎ የጻፈው ያንኑ ጊዜ ሊሆን ይችላል። «በ70» ሲሏችሁ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። በቁጥሩ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይጻፍ የቀረ ቀን ኋላ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያዛባል።

ሙዚቀኛውን ብቻም አትፈልጉ። በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ የነበሩ እትዬ ከማንም በላይ የረዱኝ ሰው ናቸው። ባንዱ በምን ዘፈን ምሽቱን እንደሚዘጋ ስጠይቅ ተጫዋቾቹ አልተስማሙም። እሳቸው ግን ወዲያው ነገሩኝ፤ ያ ዘፈን ሲጀመር ነበር ሒሳብ የሚሰበስቡት። የበር ጠባቂ፣ ልብስ ሰፊ፣ የቲኬት ሻጭ፣ ወረቀት የሚለጥፍ ልጅ፤ ሁሉም የያዘው ቁራጭ አለው።

አንዳንዱ ታሪክ ቀይ ሽብር ላይ ይደርሳል። ያኔ መቅጃውን አጥፉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከጨረሱ በኋላ የትኛው እንዲቀመጥ እንደሚፈቅዱ ጠይቁ፤ የከለከሉትን አታስቀምጡ።

ካሴቱ

የሚያሳዝነኝን መጀመሪያ ልናገር። ሥራውን ሳልለምድ አርባ የሚሆኑ የአባቴን ካሴቶች «ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» ለሚል አንድ ሱቅ ሰጠሁ። የተመለሰልኝ በጣም የተጨመቀ ኤምፒስሪ ነው፣ ፋይሎቹ ሁሉ «ትራክ 1፣ ትራክ 2» ተብለው። ካሴቶቹን ስጠይቅ ተጥለዋል ተባልኩ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ የነበረባቸው ልጣፎች አብረው ሄዱ። ስለዚህ ዋናው ካሴት ከእጃችሁ አይውጣ። ማስገልበጥ ካለባችሁም አጠገቡ ተቀመጡ።

ካሴት ካርቶን ውስጥ እንዳገኛችሁት ወደ ማጫወቻ አትክተቱ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። ከዚያ በመስኮት ብርሃን እዩት። ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ከሌሎቹ ለዩት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ አትንኩት። ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳበት። (የእኛ ሰው ጥርሱ የተሰበረውን በወረቀት ለጥፎ እንደገና ይቀዳበት ነበር። ወረቀት የተለጠፈበት ካሴት ስታገኙ ከላይኛው ሥር ሌላ ታሪክ እንደነበረ እወቁ።)

ክሩ በሚያልፍበት በኩል መሀል ላይ በቀጭን ብረት የተያዘች ትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ አለች፤ ክሩን ወደ ማንበቢያው የምትጫነው እሷ ናት። በድሮ ካሴት ማጣበቂያዋ ደርቆ ትወድቃለች፣ ያኔ ድምፁ ታፍኖ ይመጣል። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው በዚህች የተነሳ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በብሎን የታሰረ ርካሽ ካሴት ግዙ፣ ፈታችሁ ሁለቱን የክር ጥቅሎች አውጡ፣ በቦታው የአሮጌውን ጥቅሎች አስገቡ። ክሩ የሚዞርባቸውን መንገዶች ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የአሮጌው ቀፎ ብሎን ከሌለውና የተጣበቀ ከሆነ በስለት ስፌቱን እየተከተላችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ልጣፉ ያለበትን አሮጌ ቀፎ አትጣሉ።

ማጫወቻውንም አጽዱ። ክሩን የሚነካውን ብረት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮልና በጥጥ፤ ክሩን ተጭና የምታዞረውን ትንሽ ጎማ ግን አልኮል ስለሚያደርቃት እርጥብ በሆነ ጨርቅ ብቻ። ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻ አስሩጡት፣ መልሱት፣ ከዚያ አጫውቱ። ድምፁ የደበዘዘ ከሆነ ከማንበቢያው ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በጥቂቱ እያዞራችሁ ሲምባሉን (የከበሮውን የብረት ሳህን) ስሙ፤ ሲምባሉ ጥርት ሲል ቦታውን አገኛችሁት። መጀመሪያ የነበረችበትን ምልክት አድርጉ፣ ስትጨርሱ መልሷት።

ድምፁን ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሳይሆን ከኋላ ካለው መውጫ በድምፅ ካርድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። እኔ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ያልተጨመቀ ዌቭ ፋይል፣ ጥራቱ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት 2 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ብዙ ነው፣ ግን አንዳንዱ ክር ከአንዴ በላይ አይጫወትም። መብራት ከሄደ ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚቀጥል ላታስተውሉ ትችላላችሁ፤ ካሴቱን ወዲያው ከማጫወቻው አውጡት፣ ጎማዋ ክሩን እንደተጫነችው ከቆየች ምልክት ታሳርፍበታለች።

ማጽዳት፣ ሹክሹክታውን መቀነስ፣ መቁረጥ፤ ይህ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። የመጀመሪያውን አትንኩ። አንዱ የአባቴ ካሴት ላይ በኦርጋን ሶሎ መሀል የእናቴ ድምፅ «ቡና ደርሷል» ይላል። አባቴ ከሬዲዮ በማይክ እየቀዳ ነበር ማለት ነው። ይህን ሊያጸዳልኝ የፈለገ ወጣት ነበር፤ በአክብሮት ከለከልኩት።

መንደር ሱቅ ውስጥ አቧራ የጠጣ ካሴት ዋጋ የለውም አትበሉ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እዚያ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ገዛው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ያን ካሴት እኛም አጠገቡ እናልፍ ነበር።

ሸክላው

ስለ ሸክላ አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። ጠርዙንና መሀሉን ብቻ ያዙ። በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ የድምፅ መስመሮቹን እየተከተላችሁ ክብ በክብ፤ መሀል ያለው ወረቀት አይረጥብ። በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ጥላ ያልኩት በምክንያት ነው። ሦስት ሸክላ መስኮት ሥር ትቼ በር ስከፍት ስዘጋ ፀሐይ ዞሮ አገኛቸው፤ ተጣመሙ። የአንዱን ሌላ ቅጂ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሲቀመጡም ቁመው እንጂ ተደራርበው አይሁን።

የሁለቱንም ገጽ ወረቀት ፎቶ አንሱ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው የሚንሸራተትበት ለስላሳ ቦታ ላይ የተጫረ ቁጥር አለ፤ የስልክ መብራት ከጎን ስታበሩበት ይታያል። እሱንም ጻፉት፣ የትኛው ሸክላ ከየትኛው ቀጥሎ እንደታተመ ለማወቅ ይረዳል።

ፋይሉን ስትሰይሙ ዘፋኝ፣ ዘፈን፣ ባንድ፣ ዓመት ከነአቆጣጠሩ፣ ከማን እንደተገኘ። ተጫዋቾቹን ለብቻ መዝገብ ላይ ጻፉ፣ ማን እንደነገራችሁ ጨምራችሁ። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ ሁለቱ በተለያየ ሐርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ሌላ ቤት። የእኔ ሦስተኛ ሐዋሳ እህቴ ዘንድ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ግን ቁሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የከዋኙንና የአሳታሚውንም መብት ይጠብቃል። ማቆየት አንድ ነገር ነው፣ ማሰራጨት ሌላ። ከባለቤቱ ወይም ከልጆቹ ፈቃድ ጠይቁ። እኔ እስካሁን ከጠየቅኳቸው አብዛኞቹ የፈለጉት ገንዘብ ሳይሆን ቅጂውን ነው፤ የአባታቸውን ድምፅ እነሱም አልነበራቸውም።

ሥዕሉ

ፎቶ ያልተነሳ ብዙ ነገር አለ። የነበረውም ተቀድዷል፣ ተቃጥሏል፣ በፍርሃት ተደብቆ ጠፍቷል። ስለዚህ እስላለሁ። አንድ ሕግ አለኝ። በፎቶ ወይም በዕቃ ያረጋገጥኩትን በቀለም፣ በአፍ የተነገረኝን በከሰል። ፊቱን የማላውቀውን ሰው ፊት አልፈጥርም፤ አቋሙን፣ መሣሪያውን፣ ልብሱን እስልና ፊቱን ባዶ እተወዋለሁ። አንዳንድ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ይህ ባዶነት ይረብሸዋል። አንዲት ሴት ግን አንዱን ባዶ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ አየችውና በሳምንቱ የአጎቷን ጉርድ ፎቶ ይዛ መጣች። አሁን ያ ፊት በቀለም ነው።

ቦታውንም ሳሉ፣ ቆሞ ሳለ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ የሰው መኖሪያ ብቻ አይደለም የፈረሰው፤ አዛውንቶቹ «ከዚያ ጥግ ሁለተኛው በር» እያሉ የሚያስታውሱበት ጥግ ራሱ ሄዷል። ከመፍረሱ በፊት ከጋሼ ጋር አንድ ቅዳሜ ዞረን ነበር። ሜትር አልያዝኩም፤ ከበር እስከ በር በእርምጃ ቆጠርኩ፣ የደረጃውን ብዛት፣ የመስኮቱን ቅርጽ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ዛሬ ያን መንገድ የምስለው ከዚያች ደብተር ነው።

የክለቡን ትልቅ ሥዕል ባለፈው ጥቅምት ጨርሼ ጋሼን ቤቴ ጋበዝኳቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ቀረብ አሉ፣ ምሰሶዋን በጣታቸው ነኩ፣ ሳክስፎን ነፊውን አዩት። ከዚያ ወደ ከበሮው ዞሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሃይሃቱን በቀኝ አደረግሽው፤ የእኔ በግራ ነው።» ከሰሉን አቀበልኳቸው። በሚንቀጠቀጥ እጅ ራሳቸው ሳሉት፣ የእኔን ተሻግረው። አላጠፋሁትም። ከሥሩ «በባለቤቱ እጅ የታረመ» ብዬ ቀኑን ጻፍኩበት።